ኤክስሬይ ማግኔትን ያያል? ስለ ኳንተም ቁሶች ጥናት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ኤክስሬይ የሚያሳየው የአቶሞችን አቀማመጥ ብቻ ነው።»

በክሪስታል ላይ የወደቀውን ኤክስሬይ የሚበትኑት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ኒውክሊየስ እጅግ ከባድ በመሆኑ ድርሻው ከቁጥር አይገባም። የአቶሞቹ ቦታ የሚታወቀውም ኤሌክትሮኖቹ በኒውክሊየሱ ዙሪያ ስለሚሰበሰቡ ነው። ችግሩ ሌላ ነው፦ በኳንተም ቁሶች፣ ማለትም ኤሌክትሮኖቻቸው በጋራ በሚያሳዩት የኳንተም ባሕርይ የተነሣ ለየት ያለ ማግኔትነት ወይም የኤሌክትሪክ አስተላላፊነት ባላቸው ቁሶች፣ የቁሱን ባሕርይ የሚወስኑት በውጭኛው ምሕዋር ያሉት ጥቂት ኤሌክትሮኖች ሲሆኑ፣ የእነሱ ምልክት በብዙኃኑ ይዋጣል።

«ማግኔትነትን ማጥናት የሚቻለው በኒውትሮን ብቻ ነው።»

ይህ አመለካከት ከባዶ የመጣ አይደለም። ኒውትሮን የራሱ የማግኔት ባሕርይ ስላለው፣ የፊዚክስ ተመራማሪው ክሊፎርድ ሸል እ.ኤ.አ. በ1949 በማንጋኒዝ ኦክሳይድ ውስጥ ስፒኖች (ኤሌክትሮንን እንደ ጥቃቅን ማግኔት የሚያደርጉት ባሕርያት) እየተፈራረቁ በተቃራኒ አቅጣጫ መደርደራቸውን ያሳየው በእሱ ነበር። ሆኖም ኤክስሬይም የኤሌክትሮማግኔት ሞገድ በመሆኑ ከስፒን ጋር፣ ደካማ ቢሆንም፣ ግንኙነት አለው። ተመራማሪዎቹ ዴ በርዥቫንና ብሩኔል በ1972 በኒኬል ኦክሳይድ ላይ ምልክቱን ያገኙት በተራ የኤክስሬይ ቱቦ ነው፤ ምልክቱ ከተለመደው ብተና በሚሊዮኖች እጥፍ የሚያንስ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ሥራ አይደለም።

ጥናቱን የለወጠው ግን የኤክስሬዩን ኢነርጂ ከሚፈለገው አቶም ጋር ማስማማት ነው። ለምሳሌ 931 ኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ የሚያገለግል የኢነርጂ መለኪያ) አካባቢ ሲደረስ፣ ከመዳብ ውስጠኛ ምሕዋር አንድ ኤሌክትሮን ተነሥቶ የማግኔትነቱ ምንጭ ወደሆነው ውጭኛ ምሕዋር ይገባል፤ ተመልሶ ሲወድቅ የሚወጣው ብርሃንም የዚያን ምሕዋር ወሬ ይዞ ይወጣል። በ1988 በሆልሚየም ላይ በተደረገ ሙከራ በዚህ መንገድ የማግኔቱ ምልክት 50 እጥፍ ያህል ጨምሯል።

«ብርሃን ስፒንን ስለማይገለብጥ የስፒን ሞገዶችን መለካት አይችልም።»

የስፒን ሞገድ የሚባለው ከስፒን ወደ ስፒን የሚተላለፍ መናወጥ ነው። የብርሃን የኤሌክትሪክ መስክ ስፒንን በቀጥታ እንደማይነካ እውነት ነው፤ ስሕተቱ ክርክሩን እዚያ ላይ ማቆም ነው። ኤሌክትሮኑ ሲነሣ በመዳቡ ውስጠኛ ምሕዋር ክፍተት ይቀራል፤ እዚያ ደግሞ ስፒንና የምሕዋር እንቅስቃሴ በጥብቅ የተቆራኙ በመሆናቸው (ቁርኝቱ የኢነርጂውን ደረጃ 20 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል በሚራራቁ ሁለት ደረጃዎች ይከፍለዋል) የስፒኑ አቅጣጫ ብቻውን ተጠብቆ አይቆይም። ስለዚህ ክፍተቱ ሲሞላ በውጭኛው ምሕዋር የተገለበጠ ስፒን ሊቀር ይችላል። ፎቶኑ (የብርሃኑ ቅንጣት) ለመገለበጡ የዋለው ኢነርጂ ጎድሎበት ይወጣል፤ ጉድለቱም የስፒኑን ሞገድ ኢነርጂ ይነግረናል። በመዳብ ኦክሳይዶች ይህ ጉድለት ቢበዛ 0.3 ኤሌክትሮን ቮልት ያህል፣ ማለትም ከገባው ኢነርጂ ከሦስት ሺህ አንድ እጅ ገደማ ስለሆነ፣ በፈረንሳይ ግረኖብል እንዳለው የአውሮፓ ሲንክሮትሮን (ኤሌክትሮኖችን በክብ መንገድ በማሽከርከር ኃይለኛ ኤክስሬይ የሚያመነጭ ማሽን) ያለ ተቋምና በሜትሮች የሚረዝም መለኪያ ይጠይቃል። በ2010 በላንታነም መዳብ ኦክሳይድ የተገኘው ውጤት ቀደም ሲል በኒውትሮን ከተለካው ጋር ገጥሟል።

«እንግዲያው ኒውትሮን ጊዜው አልፎበታል።»

አላለፈበትም። በ931 ኤሌክትሮን ቮልት የኤክስሬዩ የሞገድ ርዝመት 1.33 ናኖሜትር ነው፤ ከዚህ ግማሽ በታች በሆነ ርቀት የሚደጋገምን ሥርዓት ማየት አይቻልም። የመዳብ ኦክሳይዶቹ ዋነኛ የማግኔት ሥርዓት ደግሞ በ0.54 ናኖሜትር ገደማ ስለሚደጋገም ለኒውትሮን ይቀራል። ኢሪዲየም በተቃራኒው ኒውትሮንን አብዝቶ ስለሚውጥ ለኤክስሬይ ይመቻል። ናሙናው ቅንጣት ወይም ቀጭን ንጣፍ ሲሆንም ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው ኤክስሬይ ነው።

«አዲስ የኤሌክትሮን ሥርዓት ከታየ የሱፐርኮንዳክተርነት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው።»

በ2012 በኢትሪየም ባሪየም መዳብ ኦክሳይድ ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙሌት በማዕበል መልክ መደርደሩ በኤክስሬይ ታየ። ነገር ግን ቁሱ ቀዝቅዞ ያለ ተቃውሞ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ሲጀምር (ሱፐርኮንዳክተር ሲሆን) ምልክቱ ከመጠንከር ይልቅ ይዳከማል፤ ይህም ሁለቱ ባሕርያት እርስ በርስ እንደሚፎካከሩ እንጂ አንዱ የሌላው ምንጭ መሆኑን አያሳይም።