«አጋላጭ ምክንያት አለብሽ» ማለት «መካን ነሽ» ማለት አይደለም

ሐኪም «ለመካንነት አጋላጭ ምክንያት አለብሽ» ሲላት «በቃ፣ አልወልድም ማለት ነው» ብላ አንገቷን ደፍታ የምትወጣ ሴት ብዙ ናት። ቃሉ ግን እንደዚያ አይልም። የመቸገር ዕድልሽ ከሌላው ከፍ ይላል ነው የሚለው። አጋላጭ ምክንያት ኖሮባት በቀላሉ የምታረግዝ አለች፤ አንድም ሳይኖርባት የምትቸገርም አለች።

ዋነኛው ዕድሜ ነው። ሴት ስትወለድ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። ከ35 ዓመት በኋላ ቁጥራቸውም ጥራታቸውም ቶሎ ይቀንሳል። ማጨስ፣ ከልክ ያለፈ ውፍረትና ቅጥነትም አሉበት።

እኔን በጣም የሚያሳስቡኝ በግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚተላለፉት ክላሚዲያና ጨብጥ የሚባሉ ኢንፌክሽኖች ናቸው። ብዙ ሴቶች ላይ ምንም ምልክት አያሳዩም። ሕመም የለም፣ የተለየ ፈሳሽ የለም። ካልታከሙ ግን ወደ ላይ ወጥተው የማህፀን ቱቦን ሊያቆስሉ ይችላሉ። ቱቦው ውስጡ በጣም ጠባብ ነው። ጠባሳ ከዘጋው እንቁላሉና የወንዱ ዘር አይገናኙም። በጊዜ ከተደረሰባቸው ግን በአንቲባዮቲክ ይድናሉ።

«መካንነት» የሚባለውም 12 ወር ያለ መከላከያ ተሞክሮ እርግዝና ካልመጣ ነው። 35 ዓመት ከሞላሽ ግን ከ6 ወር በኋላ ሐኪም ጋ ሂጂ። ባልሽም አብሮሽ ይመርመር፤ ችግሩ ከወንዱ የሚሆንበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።