«ድንጋይ ላይ ነው የቆምኩት» እና ሌሎች የባሕር ፓርክ ተረቶች

ሰዎችን ከአዲስ አበባ ወደ ኬንያ ባሕር ዳርቻ መውሰድ ከጀመርኩ ቆየሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምንሄደው ኪሲቴ ነው። ከሞምባሳ በስተደቡብ፣ ወደ ታንዛኒያ ድንበር ጠጋ ብሎ ያለ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከሺሞኒ መንደር በጀልባ ይኬድና ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ከሥር ያለው ኮራልና ዓሣ ይታያል። ቡድኑ በየጉዞው ይቀየራል፤ የምሰማው ነገር ግን ያው ነው። ዛሬ ጽፌው ልገላገል።

«ፋሲካ ላይ ብንሄድስ?» ለዶሮ ወጥ እንጂ ለባሕር አይሆንም። በኬንያ ዳርቻ ዋናው ዝናብ የሚወርደው ሚያዝያና ግንቦት ላይ ነው። ያኔ ኩሲ የሚሉት የደቡብ ነፋስ ይነሳል፤ ባሕሩ ይቆጣል፣ ውኃው ይደፈርሳል። መነጽር አድርጋችሁ ብትገቡ የምታዩት የራሳችሁን እጅ ነው። ውኃው የሚጠራው ካስካዚ በሚሉት የሰሜን ነፋስ ጊዜ ነው፤ በግምት ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት። የፈረንጆች ገና ሰሞን ሆቴሉ ይወደዳል። ጥምቀትን አክብራችሁ ብትነሱ ግን የሚያስቆጭ ነገር የለውም።

«ጥቁር ሰው ፀሐይ አያቃጥለውም።» የእኔን ትከሻ ያየ እንዲህ አይልም። ሲንሳፈፉ ውኃው ስለሚያቀዘቅዝ አይታወቅም፤ የሚታወቀው ማታ አልጋ ላይ ነው። እጅጌው ረዘም ያለ ካናቴራ ለብሳችሁ ግቡ።

«ሃይላንድ ይዘን እንገባለን።» አትገቡም። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ በኬንያ ፓርኮች ከሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ክልክል ነው። ፌስታልማ በመላ አገሪቱ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ታግዷል። ቆሏችሁን በጨርቅ ከረጢት ያዙ።

«ዋና ስለማልችል ጀልባው ላይ እቀራለሁ።» ይሄ ያሳዝነኛል። ላይፍ ጃኬት አለ፣ መንሳፈፊያ ቀለበት አለ፣ እጅ ይዞ የሚጎትት ሰው አለ። እኔን የሚያስፈራኝ ዋና የማይችለው አይደለም፤ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ሦስት ወር ተምሮ «ጃኬት አልፈልግም» የሚለው ነው። ገንዳ ጅረት የለውም።

አሁን ደግሞ ስለ ባሕሩ «መጥፋት»። አንድ ጊዜ እንግዳዬ ከሆቴል ደውለው «ባሕሩ የለም፤ ፎቶው ላይ የነበረው የት ሄደ?» ብለው ተቆጡኝ። ጣና ላይ ወይም ላንጋኖ ላደገ ሰው ውኃ ባለበት ይቆማል። ሕንድ ውቅያኖስ ግን በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ወይም አዲስ ስትወጣ ልዩነቱ ሞምባሳ አካባቢ ወደ አራት ሜትር ይጠጋል። ሰዓቱ ደግሞ በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ ካፒቴኑ «ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት» ካለ ሁለት ሰዓት ነው፤ ቁርስ ጨርሰን እንምጣ አይባልም። ሰዓቱንም አትቀይሩት። ስዋሂሊዎች እንደኛው ከንጋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት፤ የእነሱ «ሳ ምቢሊ» የእኛ ሁለት ሰዓት ነው። ይሄን ሳላውቅ አንድ ቡድን ስድስት ሰዓት ሙሉ አዘግይቼ በጎደለ ውኃ፣ በጭቃ እያስረገጥኩ ጀልባ ላይ አውጥቻለሁ።

ወደ ዋናው ልምጣ። «ኮራል ድንጋይ ነው።»

አይደለም። እንስሳ ነው። የተቆለለ ብዙ ትንንሽ እንስሳ፤ የአብዛኛው መጠን ከጤፍ ፍሬ እስከ ሽንብራ ቢሆን ነው። ሁሉም ሥሩ ላይ ኖራ እያመረተ ቤት ይሠራል፤ ድንጋይ የሚመስለን ቤቱ ነው። ነዋሪው ከላይ እንደ ቆዳ ስስ ሆኖ ተዘርግቷል። እግር ሲያርፍበት የሚጨፈለቀው እሱ ነው። እንደ ቋጥኝ ክብ ሆኖ የሚያድገው ዓይነት በዓመት አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢጨምር ነው። የእኔን ቁመት የሚያህል ካያችሁ ከአድዋ ጦርነት በፊት ማደግ የጀመረ ነው። ቀለሙም የራሱ ብቻ አይደለም፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች ናቸው አብዛኛውን ቀለምም ምግብም የሚሰጡት። ውኃው ሲሞቅ አልጌዎቹን ያስወጣና ይነጣል፤ ሙቀቱ ከቆየ በረሃብ ይሞታል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኬንያ ኮራል በዚህ ክፉኛ ተመትቷል። የተረፈውንና መልሶ ያገገመውን ነው እኛ ለሰልፊ የምንቆምበት።

እውነቱን ለመናገር ጥፋቱ የእኔም ነበር። ከሺሞኒ ፊት ለፊት ዋሲኒ የምትባል ደሴት አለች። እዚያ ከባሕር በላይ የቀረ፣ ከሞተ ብዙ ዘመን የሆነው የኮራል ሜዳ አለ፤ የመንደሩ ሴቶች ማኅበር የእንጨት መረማመጃ ዘርግቶበት ጎብኚ ያስገባል። ግራጫ ነው፣ ስለታም ነው፣ ድንጋይ ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት መጀመሪያ እዚያ እወስዳቸው ነበር። ሰው ጠዋት ድንጋይ አይቶ፣ «ይሄ ኮራል ይባላል» ተብሎ፣ ከሰዓት ባሕር ውስጥ ያንኑ ስም ሲሰማ ምን ያስብ? አሁን ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ። መጀመሪያ ሕያው የሆነውን፣ ከምሳ በኋላ የሞተውን።

ይሄም ሁሉንም አላዳነም። አንዲት እህት ጀልባው ላይ ሦስት ጊዜ ነግሬያት፣ ሦስቴም «እሺ ወንድሜ» ብላኝ፣ ፎቶ ለመነሳት ቀጥ ብላ ቆመች። የቆመችው የባሕር ጃርት ላይ ነው፤ እንደ መርፌ ቀጭን ረጅም ጥቁር እሾህ ያለው። እሾሁ ተረከዟ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። የጀልባው ልጆች የጥሬ ፓፓያ ወተት እየቀቡላት እሷ ወደ ሺሞኒ እስክንመለስ አለቀሰች። የሚገርመው ፓርኩ ውስጥ የባሕር ጃርት ብዙ የለም። ዓሣ ማጥመድ ስለተከለከለ ጃርት የሚበሉት ዓሦች ተርፈዋል። ብዙ ጃርት የምታገኙት ዓሣው ተጠምዶ ባለቀበት ዳርቻ ነው። እሷ ያገኘችው ከጥቂቶቹ አንዱን ነው።

(ለዓሣ ዳቦ መጣልም ደግነት አይደለም። ኮራሉ ላይ የሚበቅለውን አረም እየጋጠ የሚያጸዳው ዓሣ ዳቦ ከጠገበ ሥራውን ይተዋል።)

ያቺው እህት ባለፈው ሳምንት ደወለችልኝ። ለጥር ቦታ ያዝልኝ አለች። ደስ አለኝ፤ ተምራለች ብዬ። ስልኩን ልዘጋ ስል «አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ።

«ጫማ አድርጌ ብቆምበትስ?»