ሥዕሉም፣ ታሪኩም፣ እርዳታውም በአንድ አዳራሽ

በሰፈር አዳራሽ፣ በቤተ መጻሕፍት ወይም በትምህርት ቤት የሚሰናዱ የማኅበረሰብ ዝግጅቶች በአብዛኛው ሦስት ዓይነት ናቸው። ኪነ ጥበብ፣ የአካባቢ ታሪክና የበጎ አድራጎት ገቢ ማሰባሰቢያ። በፕሮግራም ወረቀት ላይ ለየብቻ ይጻፋሉ። አዳራሹ ውስጥ ግን ይቀላቀላሉ። ሥዕል ሊያይ የገባው ሰው የድሮ ፎቶ ፊት ተገትሮ ይቀራል፤ ሲወጣ ደግሞ በሩ ላይ ባለችው ሣጥን ውስጥ ገንዘብ ይጥላል።

ቅልቅሉ የቆየ ነው። የሙዚቃ ደራሲው የሃንዴል «መሲሕ» የተሰኘው መንፈሳዊ ድርሰት ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1742 በአየርላንድ፣ በደብሊን ከተማ ለእርዳታ በተሰናዳ ኮንሰርት ነው። ገቢው ለሁለት ሆስፒታሎችና በዕዳ ለታሰሩ ሰዎች ዋለ። 142 እስረኞች እንደተፈቱበት ይነገራል። ቦታ እንዳይጠብ ሴቶች ቀሚስ የሚነፋውን ቀለበት፣ ወንዶችም ሰይፋቸውን ትተው እንዲመጡ አስቀድመው ተለመኑ። 700 ያህል ሰው ገባ። የወንበር ጭንቀት ያኔም ነበር ማለት ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የለንደኑ የተጣሉ ሕፃናት ማሳደጊያ ነው። በ1739 በቶማስ ኮራም ጥረት ተቋቋመ። ሠዓሊው ዊልያም ሆጋርት ሥራዎቹን ሰጠ፤ ጓደኞቹንም አስተባበረ። ሰዉ ሥዕሎቹን ሊያይ ሲመጣ ሕፃናቱንም ያያል፤ ኪሱንም ይፈታል። ሃንዴልም እዚያው ኮንሰርት ያቀርብ ነበር። በ1750 ሆጋርት አንድ ትልቅ ሥዕሉን በዕጣ አወጣ። ያልተሸጡትን ዕጣዎች ለማሳደጊያው ሰጠ። ዕጣው የወጣው ለማን ቢሆን ጥሩ ነው? ለማሳደጊያው! የዛሬው ቶምቦላ እንዲህ ያለ ታላቅ ዘመድ አለው።

በኋላም በምሥራቅ ለንደን ድሃ ሰፈር፣ ዋይትቻፕል፣ ባርኔት የተባሉ ቄስና ባለቤታቸው ከ1881 ጀምሮ በትምህርት ቤት ክፍሎች የሥዕል ዐውደ ርእይ ያዘጋጁ ነበር። በ1901 የተከፈተው የዋይትቻፕል ጋለሪ ከዚያ የበቀለ ነው። ታሪካዊ ቤቶችን ለሕዝብ በነፃ መክፈት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1984 በፈረንሳይ ተጀምሮ በ1991 የአውሮፓ የቅርስ ቀናት ተባለ።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሒሳቡን ነው። የተሰበሰበውና ለተረጂው የሚደርሰው አንድ አይደለም። የአዳራሽ ኪራይ፣ የድምፅ መሣሪያና ኅትመት መጀመሪያ ይቀነሳሉ። ስለዚህ አዳራሹ በነፃ ከተገኘ ግማሹ ሥራ አለቀ። ሥዕል ሲሸጥም ስንት እጁ ለሠዓሊው፣ ስንቱ ለእርዳታው እንደሚሆን ቀድሞ ተጽፎ መለጠፍ አለበት። አለበለዚያ በኋላ ኩርፊያ ይመጣል። ሠዓሊን ሁልጊዜ «በነፃ ስጠን» ማለትም ነውር ነው፤ እሱም የቀለም ዋጋ ይከፍላል።

የበጎ ፈቃደኞች ነገር ቀላል ነው። ወንበር የሚደረድር ሁሌም ይገኛል፤ ወንበር የሚያነሣ ግን ይጠፋል። ስማቸው ቀድሞ ይመዝገብ።

ታሪኩ ብዙ ወጪ የለውም። ሰው የሚያስቆመው ግን እሱ ነው። ነዋሪዎች የቤተሰብ ፎቶ ያመጣሉ፤ ስካን ተደርጎ ዋናው በዚያው ቀን ይመለሳል። ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይለጠፍም። ምሁር ንግግር ቢያደርግ ጥሩ ነው፣ ካላስረዘመ። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ባዶ ወረቀትና እርሳስ ማኖር ግን ከንግግሩ የበለጠ ይጠቅማል። አንዱ መጥቶ «ሁለተኛው አጎቴ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሌላው ይሰርዝና «አይደለም፣ ወንድሙ ነው» ይላል። ማታ አዳራሹ ሲዘጋ ከፎቶዎቹ ጋር እነዚያም ወረቀቶች ተሰብስበው ይቀመጣሉ፣ ስርዝ ድልዙ ሳይነካ።