ተዝካር ምንድን ነው? ጸሎቱ፣ ድግሱና በሐዋሳ ቤቶች የሚያስነሳው ክርክር

ሰልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል፣ እድሩም ወንበሩንና ድስቱን ቆጥሮ ሲረከብ፣ በኦርቶዶክስ ቤት ገና አንድ ትልቅ ጉዳይ ይቀራል። «አርባው መቼ ይውላል?» የሚለው ጥያቄ ለቅሶ ቤት ውስጥ ነው የሚነሳው። በሐዋሳ ጥያቄው ብቻውን አይመጣም። ከሟች ልጆች አንዱ ኦርቶዶክስ ነው፤ ሌላው መካነ ኢየሱስ ይሄዳል፤ ታናሽ እህታቸው ሙሉ ወንጌል ናት። «ተዝካሩ ይውጣ» የሚለውና «ለሞተ ሰው አይጸለይም» የሚለው በአንድ ሳሎን ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። ጠቡን ረጋ ብሎ ላደመጠው ግማሹ የሃይማኖት ነው፤ ግማሹ የበሬና የጠላ ነው። ሁለቱ ካልተለዩ መስማማት አይቻልም።

ተዝካር የግእዝ ቃል ነው። ዘከረ ማለት አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው፤ ተዝካርም መታሰቢያ። «የጻድቅ መታሰቢያ ለዘላለም ይኖራል» የሚለው የመዝሙር ቃል በግእዙ «ዝክረ ጻድቅ ለዓለም ይሄሉ» ይላል፤ ሥሩ አንድ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ተዝካር ማለት በተወሰኑ ቀኖች ለሟች ነፍስ ጸሎትና ቅዳሴ ማድረስ፣ በስሙም ለድሃ መመጽወት ነው። በሬ በትርጉሙ ውስጥ የለም።

ቀኖቹ ሦስተኛው፣ ሰባተኛው፣ አሥራ ሁለተኛው፣ ሠላሳኛው፣ አርባኛው፣ ሰማንያኛው፣ መንፈቁና ሙት ዓመቱ ናቸው። ሦስተኛው የጌታ ትንሣኤ ነው። ለሰባተኛው ዮሴፍ ለአባቱ ለያዕቆብ ሰባት ቀን ማልቀሱ፣ ለሠላሳኛው እስራኤል ለሙሴ 30 ቀን ማልቀሳቸው ይጠቀሳል። አርባው ጌታ ከተነሣ በኋላ ያረገበት ቀን ነው። አርባና ሰማንያ ከመጽሐፈ ኩፋሌም ይመጣሉ፤ አዳም በ40፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና የሚነሱት በዚሁ ነው። እዚህ ላይ የሚሳሳት ሰው አለ፤ ሴት ስትሞት ዋናው ተዝካሯ በሰማንያ ነው ይላል። በሞት ጊዜ አርባው ለወንድም ለሴትም አርባ ነው።

አቆጣጠሩ ራሱ ሰው ያሳስታል። የሞተበት ቀን እንደ አንድ ከተቆጠረ፣ መስከረም 1 ቀን የሞተ ሰው አርባው ጥቅምት 10 ይውላል። ብዙዎች «አንድ ወር ከአሥር ቀን» ብለው በጣታቸው ይቆጥራሉ፤ ይህ የሚያስኬደው ጳጉሜን መሐል ካልገባች ነው። ነሐሴ 10 ያረፈ ሰው አርባው መስከረም 14 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በሆነችበት በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ደግሞ መስከረም 13። ጳጉሜን የረሳ ቤተሰብ ቀኑን አምስት ቀን አሳልፎ መስከረም 19 ላይ ያደርሰዋል፤ ቅዳሴው ካለፈ በኋላ ነው የሚነቃው። ቀኑን ከሰልስቱ ሳያልፉ የነፍስ አባቱን ወይም የደብሩን ካህን ጠይቆ፣ ካላንደር ላይ አክብቦ ማስቀመጥ ይሻላል።

ቤተ ክርስቲያን የሚኬደው ቢያንስ ከሳምንት በፊት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው የሟች የክርስትና ስም ነው፤ ጸሎቱ የሚደርሰው በዚያ ስም ነው። ብዙ ቤት የሚሰናከለውም እዚሁ ላይ ነው። አባትየው ስልሳ ዓመት በዓለም ስማቸው ሲጠሩ ኖረው፣ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቁት እናታቸው ብቻ ሆነው እሳቸውም ካረፉ፣ ልጆቹ ወደ ገጠር መደወል ይጀምራሉ። የታላላቆቻችሁን የክርስትና ስም በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ። ከዚያ መገበሪያው ይቀርባል፤ ለቅዱስ ቁርባኑ የሚሆን ንጹሕ ስንዴና ዘቢብ፣ ከዕጣንና ከጧፍ ጋር። ምን ያህል እንደሚሆን እያንዳንዱ ደብር ስለሚለያይ ቀድሞ መጠየቅ ነው። በዕለቱ ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል፤ ፍትሐት ፈትሐ፣ ፈታ ከሚለው የመጣ ነው፤ ነፍስ ከኃጢአት ማሰሪያ እንድትፈታ የሚለመንበት ጸሎት ነው። ቅዳሴው ይከተላል፤ ሲያልቅ በደጀ ሰላሙ ለተቀመጡት ዳቦ ይታደላል። አቅም የሌለው ቤተሰብ እዚህ ላይ ቢያቆም ተዝካሩ ወጥቷል። አልጎደለበትም።

ጾምም የራሱ ጣጣ አለው። አርባው ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ማዕዱ የጾም ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ከመግቢያው በፊት ባሉት ሳምንታት ያረፈ ሰው አርባው ጾሙ ውስጥ ይወድቃል። ቅዳሴው በጾም ከሰዓት በኋላ ስለሚገባ፣ እንግዳ «ለምሳ» ተብሎ በስድስት ሰዓት ከተጠራ ጿሚው እያየ ይቀመጣል። በሬ ለማረድ ሲባል ተዝካሩን እስከ ፋሲካ የሚገፋ ቤተሰብ አለ፤ ይህ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ጸሎቱ በቀኑ ይድረስ፤ ማዕዱ ከፈለገ ይቆይ። በሰሙነ ሕማማት ብቻ ፍትሐት የለም፤ በዚያ ሳምንት ለሚያርፉት ቀድሞ በሆሣዕና ዕለት ፍትሐቱ ይደርሳል። ሐዋሳ የሐይቅ ከተማ በመሆኗ ሌላም ክርክር ትጨምራለች፤ «ዓሣ ጾም ነው?» የሚባለው። የሚበላም የማይበላም ስላለ፣ ዓሣ ከተሠራ በተለየ ድስትና ጭልፋ ይሠራ፤ ሽሮውና ምስሩ ለማንም እንዲሆን።

ድግሱ ላይ ስንደርስ ስሌቱ ይኸው። አንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋትና እንደ ጋጋሪዋ እጅ ከሦስት እስከ አራት እንጀራ ያወጣል። ለመቶ ሰው ሁለት ሁለት እንጀራ ቢታሰብ ከ50 እስከ 67 ኪሎ ዱቄት ነው። ለስላሳ በሳጥን 24 ጠርሙስ ነው፤ ለመቶ ሰው አምስት ሳጥን ይበቃል። ጠላ ከተጠነሰሰ እስኪደርስ ቀናት ስለሚፈልግ በመጨረሻው ሳምንት የተጀመረ ጠላ ጥሬ ሆኖ ይቀርባል፤ ሆድም ይነፋል። ንፍሮው ስንዴው፣ ባቄላውና ሽምብራው አንድ ላይ ከተጣደ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ይደርቃል፤ ለየብቻ ዘፍዝፎ፣ ለየብቻ ቀቅሎ መቀላቀል ነው። ሙስሊም ጎረቤት ካለ ሥጋው ለብቻው ታርዶ፣ ለብቻው ተሠርቶ ይቀርባል። እድር ብዙ ጊዜ ገንዘቡንና ጉልበቱን ለቀብሩና ለሰልስቱ ነው የሚያወጣው፤ ዕቃውን ለተዝካር ያውሳል ወይም ያከራያል፣ የምግቡ ወጪ ግን የቤተሰቡ ነው። ይህን ሳይጠይቁ በእድር ተማምነው ሦስት መቶ ሰው የጠሩ ቤተሰቦች ብድር ውስጥ ይገባሉ።

ልማዱና እምነቱ የሚጋጩት እዚህ ነው፤ ግጭቱም መጀመሪያ የሚነሳው በኦርቶዶክስ ውስጥ ነው። ሰባኪዎች በየዐውደ ምሕረቱ የሚያነሱት የሉቃስ 14 ቃል ነው፤ ግብዣ ስታደርግ ድሆችን፣ ጕንድሾችን፣ አንካሶችን፣ ዕውሮችን ጥራ ይላል። የብዙ ተዝካር ድንኳን ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፊት ወንበር ላይ ጠግቦ የመጣ ሰው ይቀመጣል፤ ድሃው አጥር ሥር ቆሞ ይጠብቃል፤ እንግዳው እጁን ሲታጠብ ከየሳህኑ የተራረፈው በፌስታል ተጠቅልሎ ይሰጠዋል። ምጽዋቱ የሟች ነው ከተባለ መጀመሪያ መቀመጥ ያለበት ያ አጥር ሥር የቆመው ሰው ነው።

ሁለተኛው «ተዝካሩ ካልወጣ ነፍሱ አታርፍም» የሚለው ፍርሃት ነው። ሟች በሕልም መጥቶ «ጠማኝ» ካለ ቤተሰቡ ተደናግጦ ይደግሳል፤ መቃብር ላይ ምግብና መጠጥ የሚያፈስም አለ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ነፍስ ትበላለች፣ ትጠጣለች አይልም። ለነፍስ የሚደርሰው ጸሎቱና ምጽዋቱ ነው።

ፊት መንጨት፣ ደረት መድቃት፣ በአልቃሽ ሙሾ ሰውን እስኪወድቅ ማስለቀስም ከተዝካር በፊት የነበረ ልማድ ነው። ዘሌዋውያን 19 ስለ ሞተ ሰው ሥጋን መንጨት ይከለክላል፤ ጳውሎስም ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ ጽፏል። በዚህ ላይ ካህኑም ፓስተሩም አንድ ናቸው፤ ተግባብተው መከልከል የሚችሉበት ቦታ ነው።

የማይስማሙት በጸሎቱ ላይ ነው። ፕሮቴስታንቶች ከዕብራውያን 9 «ለሰዎች አንድ ጊዜ መሞት ከዚያም ፍርድ» የሚለውን፣ ከሉቃስ 16 በአልዓዛርና በባለጠጋው መካከል ያለውን ገደል ይጠቅሳሉ፤ ከሞት በኋላ ጸሎት የሚለውጠው የለም ይላሉ። ኦርቶዶክሱ ጳውሎስ ለሄኔሲፎሩ በዚያ ቀን ምሕረት እንዲያገኝ የለመነበትን 2ኛ ጢሞቴዎስ 1ን ይዞ ይመልሳል። ይህ ክርክር ሳሎን ውስጥ አይፈታም፤ ለአርባ ቀንም አይደርስም። አንድ ነገር ግን ማረም ይቻላል። የተዝካርን ማዕድ «ለጣዖት የተሠዋ» ማለት ስሕተት ነው። ዳቦው በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተባርኮ የተቆረሰ ነው። ለሙታን መጸለይን የማይቀበል ሰው በዚያው ምክንያት አልበላም ማለት ይችላል፤ የእናቱን ዳቦ ከጣዖት ጋር ማስተካከል አይገባውም።

በተግባር የሚያስኬደው ወጪውን መከፋፈል ነው። መገበሪያውንና የካህናቱን ኦርቶዶክሶቹ ልጆች ይይዛሉ፤ ጴንጤው ልጅ ለድሆች የሚሰጠውን እህል ወይም የማዕዱን ሥራ ይይዛል፤ ለድሃ መስጠት ለሁለቱም የታዘዘ ነውና። ካህኑ ማዕዱን ሲባርክ መቆም ካልፈለገ እንግዳ በር ላይ ይቀበላል። «ነፍስ ይማር» ለሚለው ሰው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ መመለስ ማንንም አያስከፋም። ሟች ራሱ ፕሮቴስታንት ከሆነ ደግሞ ኦርቶዶክስ ዘመድ ፍትሐት ይድረስ ብሎ ደብሩን ማስጨነቅ የለበትም፤ አባል ላልሆነ አይደርስም። የቀብር ቦታውንም በዚያው መጠን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል፤ አስከሬን መኪና ላይ ሆኖ የሚደረግ ክርክር የለቅሶ ሁሉ ከባዱ ነው።

ወራሽ የሌለው ወይም ልጆቹ በሃይማኖት የተለዩበት ሰው የቁም ተዝካር ያወጣል፤ በሕይወቱ ሳለ ያስቀድሳል፣ ያበላል። በአዛውንቶች ዘንድ ዛሬም አለ።

ሰማንያውና ሙት ዓመቱ ከአርባው ያነሱ ናቸው፤ ቅዳሴውና ጥቂት ዳቦ ይበቃል። ጥቁር ልብስ በአርባው የሚያወልቅ አለ፣ በዓመቱ የሚያወልቅ አለ፤ ያ የቤተሰቡ ምርጫ ነው።