«ተተኪ ሳይገኝ መልቀቅ አትችይም» ሕግ ነው እንዴ?

ጥያቄው ስለተደጋገመ ነው። በግል ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ የሌሊት ተረኛነቱ በዝቶባት፣ ደሞዙም አልበቃ ብሏት ልልቀቅ ስትል «ሰው እስክንተካ ጠብቂ» ትባላለች። ሕጉ እንዲህ አይልም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ጥቅምት 5 ደብዳቤ ካስገባች ኅዳር 5 ወጣች ማለት ነው። የሰው እጥረቱ የአሠሪው ራስ ምታት ነው። (ኮፒው ላይ «ደርሶናል» ብለው ይፈርሙላችሁ፤ ኋላ «አላየንም» የሚል አይጠፋም።) የሥራ ልምድ ደብዳቤም በነጻ ይሰጣታል፤ መያዣ አይደለም።

በመንግሥት ጤና ጣቢያ ያላችሁ ግን የምትተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። የትምህርት ውል የፈረመም መጀመሪያ ውሉን አውጥቶ ያንብብ።