«ዘላን» ስንል የማናየው፦ ስለ ቦረና ከብት አርቢዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ አበባ ላይ ሥርዓት የለሽ ሰው «ዘላን» ይባላል። እኔም ብዬ አውቃለሁ። የቦረና አርቢ ቤተሰብ እንዴት እንደሚውል ካወቅኩ ወዲህ ግን ቃሉ አፌ ላይ ይያዝብኛል።

«ከብቱ ወደመራቸው ይሄዳሉ»

መንጋው እኮ ለሁለት ይከፈላል። የሚታለቡ ላሞችና ጥጆች «ዋራ» ናቸው፤ ከመንደር አይርቁም። የማይታለቡትና ወይፈኖቹ «ፎራ» ይባላሉ፤ ወጣቶች ሩቅ ግጦሽ ይዘዋቸው ይወርዳሉ። ቀድሞ ሣሩንና ውሃውን አይቶ የሚመለስ ሰው ይላካል። ለጥጆችና ለደካሞች ደግሞ «ካሎ» የሚባል የታጠረ ግጦሽ ይጠበቃል።

«ውሃው ጋ ቀድሞ የደረሰ ያጠጣል»

እኔን በጣም የሚያስቀኝ ይሄኛው ነው። ቦረና ውስጥ እነ ዱብሉቅ አካባቢ «ቱላ» የሚባሉ የውሃ ጉድጓዶች አሉ፤ አንዳንዱ እስከ 30 ሜትር ይጠልቃል። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ባልዲ ይቀባበላሉ። ሙሉው ይወጣል፣ ባዶው ይወርዳል። እጅ ከእጅ እንዳይዛነፍ ይዘፍናሉ። ከሰልፉ ጫፍ ላይ ከጭቃ የተሠራ ገንዳ አለ፤ ከብቱ በተቆፈረው መንገድ በተራው ወርዶ ይጠጣል። ተራውን የሚያስከብረው «አባ ሄሬጋ» ነው። በደረቁ ወቅት አንድ መንጋ ውሃ የሚያገኘው በየሦስት ቀኑ ነው። የእኛ የታክሲ ሰልፍ እንኳ እንዲህ አይከበርም።

«ሥራው የወንድ ነው»

ጉድጓዱ ጋ ብቻ ቆሞ ላየ ሊመስለው ይችላል። ማለቡ፣ ጥጃው፣ ቅቤው፣ ጎጆ መሥራቱ ሳይቀር የሴቷ ነው። የወተቱን ዕቃ በእጇ ትሰፋለች፤ ከዚያ በእንጨት ጭስ ታጥነዋለች፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ፣ ጣዕምም እንዲኖረው። ስታልብ ለልጅ ስንት፣ ለጥጃ ስንት ብላ ታመዛዝናለች። ድርቅ ሲመጣ ሣር ፍለጋው፣ የወደቀች ላም ደግፎ ማንሳቱ ይጨመርባታል።

«ከብት ይቆጥራሉ እንጂ አይሸጡም»

ይሸጣሉ እንጂ፤ እህሉና ልብሱ ከየት ይመጣል? ግን የሚሸጠው በአብዛኛው ወይፈን ነው። ላሟ የዛሬ ወተት፣ የነገ መንጋ ናት። «ድርቅ ሊመጣ ሲል ለምን አይሸጡም?» ለሚል፦ ያኔ ሁሉም እኩል ገበያ ይወጣል። ከብቱ ይረክሳል፣ እህሉ ይወደዳል። ከብት ላለቀበት ዘመድ ጎሳው ላም የሚያዋጣበት «ቡሳ ጎኖፋ» የሚባል ሥርዓት አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከሽፍ ግን ሰጪውም ተቀባዩም እኩል ተጎዳ።

«አዲስ ነገር አይገባቸውም»

እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የግጦሹን ሁኔታ በሳተላይት እያየ ካሳ የሚከፍል የከብት መድን ገብቶላቸዋል። የቦረና ከብት ዝርያም ኬንያ ራንቾች (ትልልቅ የከብት እርባታዎች) ውስጥ ተሻሽሎ አውስትራሊያ ድረስ ሄዷል። አዲሱ ሁሉ ግን አልበጀም። አርቢዎቹ የደረቀ ሣር እያቃጠሉ ቁጥቋጦውን ይቆጣጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ማቃጠል ተከለከለ። ቁጥቋጦው ግጦሹን ወረረው። ዛሬ ያንኑ ቁጥቋጦ በመጥረቢያ እየመነጠሩ ነው።