እግዚአብሔር መከራን «ይፈቅዳል» ሲባል ምን ማለት ነው?

በክርስትና ትምህርት እግዚአብሔር መከራን ይፈቅዳል ሲባል ክፋትን ይወድዳል ማለት ሳይሆን፣ ለሰው የሰጠውን ነፃ ፈቃድ ስለማይነጥቅ ከዚያ የሚመጣውን ጉዳት ሁልጊዜ አይከለክልም ማለት ነው። ይህ መልስ ግን የሰው እጅ ያላደረሰውን በሽታና የመሬት መንቀጥቀጥ ብቻውን አያስረዳም፤ ስለ እነዚህ የሚሰጠው ትምህርት ፍጥረት ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን ውድቀት የተነሣ እስከ አሁን ይቃትታል የሚል ነው (ሮሜ 8፥22)።

ብዙዎችን የሚያደናግረው፣ መከራ የደረሰበት ሁሉ በራሱ ኃጢአት የተቀጣ መምሰሉ ነው። ኢየሱስ ግን የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸው 18 ሰዎች ከሌሎቹ የኢየሩሳሌም ነዋሪዎች የባሱ በደለኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃስ 13፥4)። ኢዮብም ቢሆን የተፈተነበት ምክንያት እስከ መጨረሻው አልተነገረውም፤ እንደ እኔ እይታ ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀው፣ በምሬት የጠየቀው እርሱ በመጨረሻ ቅን ነገር እንደ ተናገረ ሲመሰከርለት፣ «በድለህ ነው» እያሉ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙት ወዳጆቹ መወቀሳቸው ነው።